ጥርሱ የረገፈ ውል

(ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፤ የክረምቱ ብርድ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ ወንዝ ዳር ባለ የትንባሆ ማድረቂያ ጎተራ ውስጥ፤ ዶርቃ የምትባል ወጣት የውል አገልጋይ፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ ደረቅ ቅጠል ከአገዳው በካራ የሚለየውን ጎልማሳ የሥራ ባልደረባዋን በርናባስን ቆማ ታፋጥጠዋለች።)

ዶርቃ፦ ወረቀቴን ስጠኝ አልኩህ እኮ፣ ጋሼ በርናባስ! ስንት ጊዜ ልለምንህ?

በርናባስ፦ ልመና ያምርብሻል። እስኪ ድገሚው።

ዶርቃ፦ ጀልባው ሊነሣ ነው! ጌታው ቡትሱን አጥልቆ ወንዝ ዳር ቆሟል። የመጀመሪያው ጡሩምባ ተነፍቷል፤ ሦስተኛው ሲነፋ ገመዱን ይፈቱታል።

በርናባስ፦ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?

ዶርቃ፦ እኔ ምን የማፈሰው ቀረኝ? አራት ዓመቴ ፈስሷል። እሱን ልለቅም ነው የመጣሁት። በል ያን ካራ አስቀምጥና ተነሥ።

በርናባስ፦ ካራዬን እንዳትነኪ! እጀታውን ገና ማጥበቄ ነው። በስፔን አገር ሰይፍ የሚያነጥሩ ሰዎች ከአባት ለልጅ ብቻ የሚያወርሱት ጥበብ ነው፤ እኔን ግን በግድ ካልተማርክ ብለው አልቅሰው አስተማሩኝ።

ዶርቃ፦ ስለ ስፔን ማን ጠየቀህ? ወረቀቴ!

በርናባስ፦ ወረቀትሽ እንዲህ እንደ ዋዛ "ስጠኝ" የሚባልበት ቦታ አይደለም ያለው። የእንግሊዝ ንጉሥ ከነጦሩ ቢመጣ አያገኘውም። ሰባት በር አልፈሽ፣ ሰባት ቁልፍ ከፍተሽ…

ዶርቃ፦ ይሄ ጎተራ አንድ በር ነው ያለው። እሱም አይገጥምም።

በርናባስ፦ ለተራ ሰው አንድ ይመስላል።

ዶርቃ፦ ጋሼ፣ በእናትህ!

በርናባስ፦ እናቴን አትጥሪያት። እናቴ በአንድ ወገን ስታስነጥስ በሌላው ወገን ሦስት አውራጃ ድንኳን ይነቅል ነበር። ይልቅ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ቁጭ በይና ከሥሩ ንገሪኝ።

ዶርቃ፦ ከሥሩ? አንተ የማታውቀው ሥር አለ? ብሪስቶል ወደብ ላይ ለመርከብ መሳፈሪያዬ አራት ዓመት ላገለግል ፈረምኩ። አራት አዝመራ ትንባሆ ተከልኩ፣ ከቅጠሉ ላይ ትል በጣቴ ለቀምኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሰቀልኩ። ትናንት ሞላልኝ። ጌታው ደግሞ "እኔ ዘንድ ያለው ወረቀት ሰባት ነው የሚለው" ብሎ ቁጭ አለ።

በርናባስ፦ አራቱን ሰባት አድርጎ ፍቆ ጽፎታላ። የእሱን እጅ አውቀዋለሁ።

ዶርቃ፦ ቀሪውን ሦስት ዓመት ደግሞ ለካሮላይናው ሰውዬ ሸጦታል። ዛሬ ችሎት አለ። ዳኛው የእኔን ወረቀት አይተው ነጻ ካላሉኝ ከችሎቱ ደጅ ነው የሚያስረክበኝ። ሩዝ የሚበቅልበት ረግረግ ውስጥ፣ እስከ ወገቤ ተነክሬ ሦስት ዓመት! ካቻምና የሄዱት አምስቱ የት ገቡ? የተመለሰው ወሬያቸው ብቻ ነው።

በርናባስ፦ የካሮላይና ትንኝማ አይጣል ነው። አንድ ጊዜ ፈረሴን ዛፍ ላይ አስሬ ብመለስ ሁለት ትንኞች ኮርቻውን አውርደው ማን እንደሚጋልበው ይጣላሉ።

ዶርቃ፦ ማጽናኛህ ይሄ ነው?

በርናባስ፦ እንድትስቂ ብዬ ነዋ።

ዶርቃ፦ ጥርስ ባዳ ነው፤ ሆዴ እያረረ ልስቅልህ እችላለሁ። ወረቀቴን ግን ስጠኝ። አብራን የምታገለግለው ኔል ወረቀቷን ፍራሿ ውስጥ ደብቃ ጌታው አግኝቶ ምድጃ ውስጥ ሲከተው አብረን አየን አይደል? ያን ጊዜ ምን አልከኝ?

በርናባስ፦ ብዙ ነገር ብያለሁ። የትኛውን?

ዶርቃ፦ "ለእኔ ስጪኝ። እኔም የራሴ አለኝ፤ ከነማኅተሙ፣ ካንቺ እጥፍ የሚረዝም። የውል ወረቀት አጠባበቅ ከእኔ ወዲያ ላሳር" አልከኝ። አምኜ ሰጠሁህ።

በርናባስ፦ ታዲያ ጠበቅሁልሽ አይደል? እንቺ! ይኸው ከወራጁ በላይ፣ በሰም ጨርቅ ተጠቅልሎ። ጠብታ አልነካው፣ ጭስ አልነካው። እይው፣ የጳጳስ ቀሚስ እንኳ ከዚህ ይልቅ ይጨማደዳል።

ዶርቃ፦ እግዜር ይስጥህ፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥህ። መቼም አፍህ እንጂ ልብህ… ቆይ።

በርናባስ፦ ምን ሆንሽ?

ዶርቃ፦ ይሄ የእኔ አይደለም።

በርናባስ፦ ያንቺ ነው።

ዶርቃ፦ የእኔ አይደለም! የእኔ አናቱ ላይ ጥርስ ነበረው።

በርናባስ፦ ጥርስ?

ዶርቃ፦ ጥርስ! እንደ መጋዝ፣ ሾጠጥ ሾጠጥ ያለ! ይሄ ቀጥ ያለ ነው።

በርናባስ፦ አሃ! እሱን ነው እንዴ? አስደነገጥሽኝ እኮ። ያማ የእኔ ሥራ ነው፣ አመስግኚኝ። አይጥ በልቶት ነበር።

ዶርቃ፦ አይጥ ምን አደረገው?

በርናባስ፦ ጫፉን ዘልዝሎት አገኘሁታ! ከትናንት ወዲያ ፈትቼ ሳየው ዳር እስከ ዳር ተሸራርፏል። "በርናባስ እጅ ተቀምጦ አይጥ በላው" ልባል? እኔ? ካራዬን ሳልኩ፣ ወረቀቱን ሳንቃ ላይ አነጠፍኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ አንድ ጊዜ ጭረት! ያውልሽ፣ በክር የተለካ ነው የሚመስለው። እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ከባሕሩ ወዲህም ወዲያም የለም።

ዶርቃ፦ ወይኔ! ወይኔ ዶርቃ! ወይኔ!

በርናባስ፦ ምነው? ከጽሑፉ እኮ አንድ ፊደል አልነካሁም! ባዶውን ጠርዝ ነው ያነሣሁት።

ዶርቃ፦ አይጥ አይደለም የበላው! ጸሐፊው ነው እንዲያ የቆረጠው! ሆን ብሎ!

በርናባስ፦ ወረቀት መቁረጥ የማያውቅ ጸሐፊ ጋ ምን አስኬደሽ?

ዶርቃ፦ ስማኝ እንጂ! በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ይጽፉታል፤ ላይ አንድ፣ ታች አንድ። ከዚያ መሐሉን በመቀስ እያንሻፈፉ ይቆርጡታል። ላዩ ለጌታ ይሰጣል፣ ታቹ ለአገልጋይ። ጠብ የመጣ ዕለት ዳኛው ሁለቱን ያገጣጥማሉ። ጥርስ በጥርስ ከገባ ሁለቱም ያው አንድ ወረቀት ናቸው፤ የጌታው ፍቀት ወለል ብሎ ይታያል። ካልገባ ግን የእኔ ወረቀት ሐሰት ነው። ገባህ? ጥርሱ ነው ምስክሬ! እሱን አወለቅህብኝ!

በርናባስ፦ ይሄን… ይሄን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?

ዶርቃ፦ አንተ የራሴ አለኝ አላልክም? ከነማኅተሙ አላልክም? ያንተስ ጥርስ የለውም?

በርናባስ፦ የእኔ… የእኔ ከፍ ካሉት ወገን ነው። የትልልቅ ሰው ወረቀት ጥርስ አያወጣም።

ዶርቃ፦ አሳየኝ።

በርናባስ፦ ምኑን?

ዶርቃ፦ ወረቀትህን።

በርናባስ፦ ዛሬ? ዛሬ አይመችም።

ዶርቃ፦ እሺ፣ እሱ ይቅር። ለጳጳስ መጽሐፍ አነብ ነበር ትል የለ? ይኸው፤ ከዚህ ውስጥ "አራት" የሚለውን በጣትህ አሳየኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ጸሐፊው ግን ሦስት ጊዜ እያነበበ ጣቴን አስይዞ ቦታውን አሳይቶኛል።

በርናባስ፦ ብርሃኑ ትንሽ…

ዶርቃ፦ አሳየኝ!

በርናባስ፦ ይሄ። ይሄ ትልቁ፣ ጥቁሩ።

ዶርቃ፦ እሱ የቀለም ጠብታ ነው። ማንበብ አትችልም። ወረቀትም የለህም። ኖሮህም አያውቅም። ጋሼ፣ አንተ በውል አይደለም የመጣኸው።

በርናባስ፦ በሰንሰለት ነው የመጣሁት። ዳኛ ፈርዶብኝ። አሥራ አራት ዓመት። ለእንደኔ ያለው ወረቀት አይሰጠውም፤ ተቆጥሮ ይረከቡታል፣ በቃ። ተደሰትሽ?

ዶርቃ፦ በምን ወንጀል?

በርናባስ፦ የንጉሡን ፈረሶች ነድቼ። አርባ ፈረስ።

ዶርቃ፦ ዛሬም?

በርናባስ፦ ዛሬም ምን?

ዶርቃ፦ ተወው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያንተ አፍ አምልጦ የሚመለጠው የእኔ ራስ ሆነ እንጂ። እስኪ አሁን ምን ልሁን? ሐሰተኛ ወረቀት አመጣች ተብዬ ጀርባዬ ይተለተላል፣ ከዚያ ከነቁስሌ ረግረግ ውስጥ።

በርናባስ፦ ቆይ፣ ቆይ። በርናባስ እያለ መላ አይጠፋም። ጥርስ አይደል የጠፋው? እናበቅልለታለን! ካራው እዚህ፣ ወረቀቱ እዚህ። ከመጀመሪያው የበለጠ ጥርስ አወጣለታለሁ፤ አዞ ያስንቃል።

ዶርቃ፦ የጌታውን ወረቀት አይተኸዋል? ስንት ጥርስ እንዳለው፣ የትኛው እንደሚረዝም፣ የትኛው እንደሚዞር ታውቃለህ?

በርናባስ፦ በግምት።

ዶርቃ፦ ጥርስ በልክ ነው የሚገባው፣ በግምት አይደለም! ከዚህ ላይ ደግሞ ብትቆርጥ ወደ ፊደሉ ነው የምትገባው። እጅህን አንሣ ከወረቀቴ!

በርናባስ፦ እንግዲያው ጥፊ። ከጎተራው ጀርባ ያለውን ጫካ እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ በአንድ ቀን ሦስት ቅኝ ግዛት አቋርጬ ለእራት ተመልሻለሁ።

ዶርቃ፦ አገልጋዩ ቶማስ ሲጠፋ፣ ለጠፋበት ለአንድ ቀን አሥር የሥራ ቀን ነው የጨመሩበት። አሁንም እዚሁ በቆሎ ይወቅጣል፤ ፀጉሩ እኮ ሸብቷል።

በርናባስ፦ ከዳኛው ፊት ቆሜ ልመስክርልሽ! "በዓይኔ አይቻለሁ፣ አራት ነው የሚለው" ብዬ መጽሐፍ ልምታ!

ዶርቃ፦ አንተን? አምና ድብ በጡጫ ገደልኩ ብለህ ለእኚሁ ዳኛ አልማልክም? የጎረቤት አሳማ ሆኖ ተገኘ።

በርናባስ፦ ፀጉራም አሳማ ነበር።

ዶርቃ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ዝም በልና አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የቆረጥከውን ቅዳጅ የት አደረግኸው?

በርናባስ፦ የቱን?

ዶርቃ፦ ጥርስ ጥርሱን! ያን ቀጭኑን ቅዳጅ! እሱ ካለ ቀጥ ያለው ጎኑ ከወረቀቴ ይገጥማል፣ ጥርሱ ከጌታው ይገጥማል። ሦስቱ ሲገናኙ እውነቱ ይወጣል። የት ነው?

በርናባስ፦ ነፋስ ወሰደው።

ዶርቃ፦ ሰባት በር ከፍቶ?

በርናባስ፦ …እሳት ውስጥ ጣልኩት። አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ። እሳት ውስጥ ነው። ነበልባሉ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

ዶርቃ፦ ወደዚህ ዙርና በለው።

በርናባስ፦ ምን ብዬ?

ዶርቃ፦ "አቃጠልኩት" በል፣ ዓይኔን እያየህ።

በርናባስ፦ አንገቴን ይዞኛል፤ መዞር አልችልም። የጎተራ ብርድ እኮ አንገት ይጠመዝዛል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ፊቴ ወደ ኋላ ዞሮ ሁለት ሳምንት…

ዶርቃ፦ ስማ! ሁለተኛው ጡሩምባ! በቃ። አበቃ። እሺ በርናባስ። ጮኼ የማመጣው ነገር የለም። ጀልባው ላይ ተጎትቼ ከምወጣ ራሴ ሄጄ ብቀመጥ ይሻላል።

በርናባስ፦ አትሂጂ እንዲህ ሆነሽ።

ዶርቃ፦ እንዴት ሆኜ ልሂድ? ዘፍኜ? …እንካ። ይሄን ያዝ።

በርናባስ፦ ምንድን ነው?

ዶርቃ፦ ካልሲ። ከበጎቹ አጥር ላይ የተንጠለጠለውን ሱፍ እየለቀምኩ ፈተልኩት። ጸደይ ላይ ጊዜህ ሲሞላ፣ ከዚህ በር ስትወጣ በባዶ እግርህ አትወጣም ብዬ ነው። አንዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ለካሁበት የነበረውን ገመድ አይጥ… እውነተኛ አይጥ በላብኝ።

በርናባስ፦ ለእኔ?

ዶርቃ፦ ሌላ ማን ቢላ ይዞ ሲቀባጥር አራት ዓመት ሰማሁ? ወንድምም አባትም የለኝ እዚህ። ክረምቱን ሁሉ በዚህ በርሜል ግራና ቀኝ ተቀምጠን አንተ ስትዋሽ እኔ ስስቅ ነው የነጋልኝ። ያ ካራህ እንኳ፣ እጀታው ውስጥ እንዲያ እየተንገጫገጨ ጥርሴን ሲያፋጨው፣ መቼ በተሰበረና በተገላገልኩ እል ነበር። አሁን እሱም ሊናፍቀኝ ነው።

በርናባስ፦ ሂጂ በቃ፣ ልቤን አታድርቂው። ሂጂ። ጀልባው ያመልጥሻል።

ዶርቃ፦ ቆይ።

በርናባስ፦ ምን አለ ደግሞ?

ዶርቃ፦ ዛሬ አይንገጫገጭም።

በርናባስ፦ ምኑ?

ዶርቃ፦ ካራህ። ከመጣሁ ጀምሮ ስትቆርጥበት ነበር፤ አንድም ጊዜ ኮሽ አላለም።

በርናባስ፦ አጠበቅሁት አልኩሽ እኮ። የስፔን ጥበብ…

ዶርቃ፦ በምን አጠበቅኸው?

በርናባስ፦ በሽብልቅ።

ዶርቃ፦ የምን ሽብልቅ?

በርናባስ፦ የእንጨት ነዋ። የምን ይሆናል?

ዶርቃ፦ ነጭ እንጨት? ከእጀታው ሥር ጫፉ ወጥቶ የሚታየኝ፣ የታጠፈው፣ ነጭ እንጨት ነው? ጋሼ።

በርናባስ፦ አቤት።

ዶርቃ፦ እጀታውን በመዳፍህ ለምን ትሸፍነዋለህ?

በርናባስ፦ ብርድ ነው።

ዶርቃ፦ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር? "እሳት ውስጥ ጣልኩት" ስትለኝ እጅህ ላይ ይዘኸው ነበር?

በርናባስ፦ ስቆርጠው አላወቅሁም! በሞተች እናቴ፣ በእውነተኛዋ፣ ማስነጠሷን ማንም በማይሰማው እናቴ ይሁንብኝ፣ አላወቅሁም። "ወይኔ" ስትዪ ነው የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ምላሴ ቀድሞኝ "ነፋስ" አለ። አምስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ ዶርቃ። አሥራ አራት ዓመት ገፍቼ አምስት ሳምንት! የውል ወረቀት የቆረጠ አገልጋይ ምን እንደሚደረግ ሰምተሻል? መጀመሪያ ግንድ ላይ ያስሩታል፤ ከዚያ ዓመት ይጨምሩበታል። ስንት እንደሚጨምሩ የዳኛው ቁርስ ነው የሚወስነው። ይሄ ሽብልቅ ከዚህ እጀታ ከወጣ፣ የወጣው የእኔ አምስት ሳምንት ነው።

ዶርቃ፦ ገባኝ።

በርናባስ፦ እኔ ወጣት አይደለሁም። አንቺ ሦስት ዓመት…

ዶርቃ፦ ትችያለሽ ልትለኝ ነው?

በርናባስ፦ …አይደለም። ተይው።

ዶርቃ፦ ቀምቼህ አልሄድም። ካራው ያንተ ነው፣ እጁም ያንተ ነው። ብቀማህም "ማን ቆረጠው?" ሲሉኝ ስምህን ካልጠራሁ እኔው ቆራጭ ልሆን ነው፤ ከጠራሁ ደግሞ እዚህ ድረስ መጥተው ያወጡሃል። ሁለቱንም አላደርግም። ደህና ሁን፣ ጋሼ። ካልሲውን በእርጥብ እግር እንዳታጠልቀው፣ ይኮማተራል።

በርናባስ፦ ያን ካልሲ ባትሰጪኝ ምን ነበረበት?

ዶርቃ፦ ለምን?

በርናባስ፦ ብትሰድቢኝ፣ ብትረግሚኝ እችለው ነበር። ስድብ ለምጃለሁ፤ በአሥራ ሁለት ቋንቋ ተሰድቤ… በአንድ ቋንቋ። በአንድ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ተሰድቤያለሁ።

ዶርቃ፦ መንገድ ልቀቅልኝ፤ ጌታው ሰው ሳይልክብኝ።

በርናባስ፦ ወዲህ ነይ። ስለቱን በሻርፕሽ ጠቅልለሽ ያዢው። ሽብልቁ ሲወጣ ይወድቃል፣ እግርሽ ላይ እንዳይተከል።

ዶርቃ፦ ጋሼ?

በርናባስ፦ ያዢ አልኩ! ሐሳቤን ሳልቀይር። ትንሽ ነቅነቅ… ወደ እኔ… በጥፍርሽ ሳቢው፣ ቀስ… ወጣ። ወጣልሽ።

ዶርቃ፦ ተቀደደ እንዴ?

በርናባስ፦ አልተቀደደም። አራት እጥፍ ነው ያደረግሁት። ዘርጊው። በጉልበትሽ ላይ አድርገሽ በመዳፍሽ ተጫኚው።

ዶርቃ፦ ጥርሱ አለ። እይ፣ ጥርሱ አለ! አንዱ ብቻ ጫፉ ታጥፏል።

በርናባስ፦ በምራቅ አርጥበሽ አቅኚው። አሁን ከወረቀትሽ ጋር አስጠጊው። …አየሽ? ፀጉር አያሳልፍም። ቀጥ አድርጌ ቆርጬዋለሁ አላልኩሽም?

ዶርቃ፦ አሁንም ትመጻደቃለህ?

በርናባስ፦ ይቺን እንኳ ተይልኝ። በሕይወቴ አንድ ነገር ቀጥ አድርጌ ብቆርጥ እሱም ሊያስገርፈኝ ነው።

ዶርቃ፦ ይህን ይዤ ብሄድ "ማን ቆረጠው?" ይሉኛል። መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠይቁኝ።

በርናባስ፦ አውቃለሁ።

ዶርቃ፦ አንተ ቆመህ ካልተናገርክ ዋጋ የለውም።

በርናባስ፦ አውቃለሁ አልኩሽ። ችግሩ መናገሩ አይደለም፣ ማመናቸው ነው። ድቡ አለ… አሳማው አለ። እኔ አፌን ስከፍት ዳኛው ገና ሳልጀምር መሳቅ ይጀምራሉ።

ዶርቃ፦ እንግዲያው የሚያስቅ ነገር አትጨምርበት። ና፣ እኔ ዳኛ ልሁን። ቶሎ በል። ስምህ ማነው?

በርናባስ፦ በርናባስ፣ በሁለት ባሕር የታወቀው…

ዶርቃ፦ በርናባስ ብቻ።

በርናባስ፦ በርናባስ ብቻ።

ዶርቃ፦ ማንበብ ትችላለህ?

በርናባስ፦ በስድስት ቋ…

ዶርቃ፦ ጋሼ!

በርናባስ፦ አልችልም። አንድ ፊደል አላውቅም።

ዶርቃ፦ ወረቀቱን ማን ቆረጠው?

በርናባስ፦ እኔ። በዚህ ካራ። ሽብልቅ ሆኖ የተገኘውም እዚሁ እጀታ ውስጥ ነው፤ እጥፋቱ ከቀዳዳው ይገጥማል፣ ያግቡትና ይዩት።

ዶርቃ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ይሄን እንዳትረሳው። ለምን ቆረጥከው?

በርናባስ፦ አይጥ የበላው መስሎኝ። በእኔ እጅ ተበላሸ እንዳትለኝ አፍሬ።

ዶርቃ፦ ጥርሱን እንዴት አታውቅም?

በርናባስ፦ እንደ ሰው ወረቀት ኖሮኝ አያውቅማ። አለኝ ያልኳት ውሸቴን ነው። እሷም ያመነችኝ… ያመነችኝ እሷ ብቻ ነች። አታልቅሺ፣ ዳኛ አያለቅስም። ቀጥዪ።

ዶርቃ፦ ወደዚህ አገር የተላክኸው በምን ወንጀል ነው?

በርናባስ፦ አርባ ፈረስ።

ዶርቃ፦ ጋሼ።

በርናባስ፦ አሥር።

ዶርቃ፦ ጋሼ በርናባስ! እዚህች ላይ ከዋሸህ ሁሉንም ይጥሉታል። መዝገቡ እጃቸው ላይ ነው።

በርናባስ፦ …ዝይ።

ዶርቃ፦ ስንት ዝይ?

በርናባስ፦ አንዲት።

ዶርቃ፦ በአንዲት ዝይ አሥራ አራት ዓመት?

በርናባስ፦ እሷም አንካሳ ነበረች። አባርሬ እንኳ አልያዝኳትም፤ ራሷ ናት የተከተለችኝ። ማታ ከሠፈር ልጆች ጋር ስንጨዋወት ይህን እንዴት እነግራለሁ? አርባ ፈረስ ያስከብራል። አንካሳ ዝይ ምን ያደርጋል?

ዶርቃ፦ ዛሬ ነጻ ታወጣኛለች።

በርናባስ፦ ከአርባው ፈረስ ትሻላለች እንግዲህ።

ዶርቃ፦ ሦስተኛው! ጡሩምባው! ገመዱን እየፈቱ ነው! እኔ ብጠራ አይሰሙኝም፤ አንተ ድምፅህ ወንዝ ይሻገራል፣ ጩህላቸው!

በርናባስ፦ ሃይ! አንተ ቀዛፊ! ገመዱን ያዝ! ሰው ቀርቷል!

ዶርቃ፦ ጌታው ራሱን ይነቀንቃል። "አንድ ሴት ብቻ ናት የምትሳፈረው" እያለ ጣቱን ያሳያል። ቀዛፊዎቹ ደግሞ ያንተን ድምፅ ሲሰሙ ይሳለቃሉ።

በርናባስ፦ ካራውን ያዢልኝ፣ ካልሲውን ላጥልቅ… ሃይ! ሁለት ነን! ሁለት! ሳቁ፣ ግን ጠብቁን፤ ዛሬ ቁጥሩ ልክ ነው!